ፊት ያለው ድንጋይ

አባቴ ግንበኛ ነበር። በመንዝ ግንበኛ ማለት ከኖራና ከሲሚንቶ ጋር ያልተዋወቀ፣ ጥቁር ድንጋይና ጭቃ፣ አንዳንዴም ጭቃ እንኳ የሌለበት ደረቅ ካብ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። ድንጋይ አንሥቶ ሦስት አራት ጊዜ በእጁ ሳያገላብጥ አያስቀምጥም። «ድንጋይ ፊት አለው» ይላል፤ «ፊቱን ለመንገደኛ፣ ጀርባውን ለቤት፣ ጎኑን ለወንድሙ ስጠው።» የእኔ ሥራ ጠጠር ማቀበል ነበር። በሁለት ትልልቅ ድንጋዮች መካከል ክፍተት ሲቀር ዓይኑን ከግንቡ ሳያነሣ እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋል፤ እኔም ክፍተቱን በዓይኔ ለክቼ ሽብልቅ የምትሆን ጠጠር መዳፉ ላይ አኖራለሁ። ከገጠመች ዝም ይላል። ካልገጠመች በትከሻው ላይ አልፋ ወደ እኔ ትመለሳለች።

የዚያ ቤት ልጅ ሐረር ሲሄድ ምን ምን እንደሚያይ መገመት አያስቸግርም። ሰው ስለ ጅቡ ትርዒት፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ገበያው ያወራል። እኔ ግድግዳ ለግድግዳ ስታከክ ሦስት ቀን አሳለፍኩ። ይህም ጽሑፍ የግድግዳ ወሬ ነው፤ በተለይ የታላቁ ጃሚዕ መስጊድና በከተማው ቅጥር ውስጥ ተሰግስገው የሚገኙት የትንንሾቹ መስጊዶች ግድግዳ።

ከመንዝ ተነሥቶ መስጊድ ለማየት እስከ ሐረር መገስገስ ግን ደጃፍን መዝለል ነው። መንዝ በምሥራቅ በኩል ያልቃል። ገብስ የሚታጨድበት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው ሜዳ ድንገት ተቆርጦ ገደል ይሆናል፤ ከገደሉ ሥር ያለው ቆላ ይፋት ነው። ልጅ ሆነን አፋፉ ላይ በደረታችን ተኝተን ቁልቁል ስናይ ደመናው ከእኛ በታች ይሄድ ነበር። ደመናው ሲገለጥ የሚታየው አገር የወላስማ ሱልጣኖች አገር እንደነበረ ማንም አልነገረን። ወላስማዎች ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ ይፋትን ገዝተዋል፤ በተዳፋቱ ላይ የድንጋይ ከተሞች ነበሯቸው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የፈረንሳይ የታሪክና የአርኪኦሎጂ ተመራማሪዎች አስባሪ፣ ማሳልና ኖራ የተባሉትን ፍርስራሾች መዝግበዋል፤ ቤቶች፣ መቃብሮች፣ መስጊዶች ከነሚሕራባቸው። ሚሕራብ ሰጋጁ ወደ የት መዞር እንዳለበት የምታሳይ፣ ግድግዳው ውስጥ የገባች ጎድጓዳ ናት። ጣሪያ ወድቆ፣ በር ጠፍቶ፣ ሰው ተሰዶ፣ እሷ አቅጣጫዋን ሳትስት ትቀራለች።

ስለ አቅጣጫ ካነሣን አንድ ነገር ልናገር። ካርታ ዘርግቶ ማስመሪያ የሚያስቀምጥ ሰው መንዝም መካም ከ39ኛው እስከ 40ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ መካከል እንደሚውሉ ያገኛል። በሌላ አነጋገር ለመንዝና ለይፋት መካ ቀኝም ግራም የላትም፤ በቀጥታ ሰሜን ናት፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ። አፋፉ ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን መቅደሱን ወደ ምሥራቅ ያደርጋል፤ ከሥሩ ያለው መስጊድ ሚሕራቡን ወደ ሰሜን። ሁለቱንም የሚሠራ ግንበኛ የመጀመሪያዋን ድንጋይ ከማስቀመጡ በፊት ሰማይ ማየት ነበረበት። አባቴ መሠረት ሲያወጣ ማልዶ ወጥቶ ፀሐይዋ የምትወጣበትን ይጠብቅ ነበር። ለይፋቱ ግንበኛ ደግሞ፣ ሰሜንን በኮከብ ስለሚያገኝ፣ ሌሊት ነው የሚመቸው።

ወላስማዎች በይፋት አልቀሩም። ከሰሎሞናዊ ነገሥታት ጋር በተደረገው ረጅም ጦርነት ተገፍተው ወደ ምሥራቅ ሄዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1520 ሱልጣን አቡበከር ኢብን ሙሐመድ መናገሻውን ሐረር ላይ አደረገ። ከሦስት መቶ ስድሳ ምናምን ዓመት በኋላ ያንኑ አቅጣጫ ይዞ የሄደ የመንዝ ሰው አለ፦ ጎላ አጠገብ ደረፎ ማርያም የተወለዱት ራስ መኰንን። አጼ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረርን ሲይዙ አገረ ገዥነቱን የሰጡት ለእሳቸው ነበር። ስለዚህ «ከመንዝ መጣሁ» ብሎ ሐረር ውስጥ መናገር ባዶ ቃል አይደለም። የሚሰማው ሰው ባያነሣውም የሚናገረው ሰው ያውቀዋል።

በሸዋ በር ገባሁ። ስሙን ያወጡት መንገዱን አይተው ነው፤ ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች ወደ እኛ አገር የሚያመለክተው እሱ ነው። የከተማው ቅጥር፣ ጀጎል፣ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሠሩት ይነገራል። ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። መጀመሪያ የገረመኝ ቅጥሩ ድንጋዩን አለመደበቁ ነው። ልስን የለውም፤ ድንጋዩና ጭቃው እንደ እኛ አገር ካብ ይታያል። ቀረብ ብዬ መገጣጠሚያውን በጣቴ ዳበስኩ። ድንጋዩ አነስተኛ፣ ብዙ ጠጠር ያለበት ነው። የአባቴ ዓይን «ጠጠር የበዛበት ግንብ ድንጋይ ያነሰው ግንብ ነው» ብሎ ሊፈርድበት ሲዳዳው አቆምኩት። ለአምስት መቶ ዓመት የተጠጋ ጊዜ የቆመን ግንብ በአንድ ጠዋት ማማት ነውር ነው።

ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ድንጋዩ ይጠፋል። መተላለፊያዎቹ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚያልፍባቸው ጠባብ ናቸው፤ ግድግዳው ሁሉ ነጭ፣ አሁን አሁን ደግሞ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ሮዝ ነው። የትኛውን ድንጋይ ማን እንዳስቀመጠ፣ የትኛው ማዕዘን በማን እጅ እንደወጣ ማወቅ አይቻልም። ለግንበኛ ልጅ ይህ ደብዳቤ ተቀብሎ ፖስታውን መክፈት እንደ መከልከል ነው። በመንዝ ማዕዘን የግንበኛ ፊርማ ነው። አንዱን ረጅም ድንጋይ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ያለውን ወደ ግራ እያጠላለፈ፣ ከታች እስከ ላይ በቱንቢ የተሰመረ ያህል ቀጥ አድርጎ ሲያወጣው፣ አላፊ አግዳሚው «የእገሌ እጅ ነው» ይላል። ሐረር ላይ ማዕዘኖቹ ሁሉ ለስለስ ብለዋል፤ በእጅ ተዳምጦ የተጋገረ ዳቦ ይመስላሉ።

ወደ ጃሚዕ የሄድኩበትን ሰዓት አስቤበት ነበር። የቀትሩ ዙህር ተሰግዶ ካለቀ በኋላ፣ የከሰዓቱ ዐስር ሳይደርስ። ዓርብን ሆነ ብዬ ዘለልኩ፤ ለጁምዓ የሚመጣ ሰው መሐል ዓይኑ ግድግዳ ላይ የሚንከራተት እንግዳ መሆን አልፈለግሁም። ስልኬን ኪሴ ውስጥ አጥፍቼ አስቀመጥኩ። ሸሚዜ ክንዴን ይሸፍናል። ደጃፉ ላይ ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጫማዬን አውልቄ «አሰላሙ ዐለይኩም» አልኩ። ሰላምታዬን አሟልተው መለሱና ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ።

«ከመንዝ ነው፣ አባባ።»

«የበርኖሱ አገር» አሉ ወዲያው። «ብርዱስ?»

«አለ። ግንብ ለማየት ነው የመጣሁት። አባቴ ግንበኛ ነበር።»

ትንሽ አስተዋሉኝ። ከዚያ በከዘራቸው መሬቱ ላይ መስመር የሚያሰምሩ ያህል አሳዩኝ። «እስከዚህ ና፣ ልጄ። ከዚህ ወዲያ ለሰላት ነው።»

ይህን ለአዲስ አበባ ወዳጆቼ ስነግራቸው «ከለከሉህ?» ይሉኛል። ቃሉ አይስማማኝም። ያደግሁበት ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ብሎ ሦስት ክበብ አለው፤ መቅደሱን ከቄስና ከዲያቆን በቀር ማን አይቶት ያውቃል? እናቴ «ዛሬ ንጹሕ አይደለሁም» ያለች ዕለት ከደጀ ሰላም አታልፍም፤ ግድግዳውን ተሳልማ፣ ግንባሯን ድንጋዩ ላይ አስደግፋ ጸልያ ትመለሳለች። የውስጡን ሥዕል ሳይሆን የውጩን ድንጋይ ነው በደንብ የምታውቀው። አንዷ በግራ በኩል ያለች፣ መሐሏ ጎድጎድ ያለ ድንጋይ በሰው ከንፈርና ግንባር ተወልውላ እንደ ብረት ታበራለች። ከውጭ የሚሳለም ሰው ግድግዳ ያውቃል። እኔም ከውጭ መቆም እችልበታለሁ።

ቆምኩ፤ ቀና ብዬም አየሁ።

የጃሚዕ ሚናራዎች ሁለት ናቸው፤ ነጭ፣ ከታች ሰፋ ብለው ወደ ላይ እየጠበቡ የሚሄዱ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ሲቀመጥ እነዚህን ሁለት ኖራ የተቀቡ ሚናራዎች አይቶ ጽፏል። ስለ መስጊዱ የጻፈው ግን ንቀት ነው፤ ደሃ ጎተራ ነገር አድርጎ ነው ያስቀመጠው። በርተን ቋንቋ ያውቅ ነበር፣ ድፍረትም ነበረው። ግንብ ማየት ግን አይችልበትም ነበር ብዬ ብከራከር ማንም አይረታኝም። የካይሮን ድንጋይ በዓይኑ ይዞ መጥቶ እዚህ ሲያጣው «የለም» አለ። የእኔም ዓይን በመጀመሪያው ቀን ያደረገው እኮ ያንኑ ነበር፤ የመንዝን ድንጋይ ይዞ መጥቶ ድንጋይ ሲያጣ አኮረፈ።

ሚናራው ወደ ላይ መጥበቡን ልብ በሉልኝ። የእኛም ግንብ ቀጥ ያለ ይምሰል እንጂ ቀጥ አይደለም፤ ወደ ውስጥ ዘንበል ይላል። አባቴ ሲያስረዳኝ ሁለት እጆቹን መዳፍ ለመዳፍ እንደሚጸልይ ሰው አገናኝቶ ከታች ይከፍታቸው ነበር። ሰፊ እግር ያለው ግንብ ክብደቱን ወደ ራሱ መሐል ያወርዳል፤ ጭቃው ቢታጠብ፣ መሬቱ ቢንቀጠቀጥ፣ ድንጋዩ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ወንድሙ ይደገፋል። ሐረር ከስምጥ ሸለቆው ብዙም የራቀች አይደለችም፤ መሬት መንቀጥቀጥ እንግዳዋ አይደለም። የጃሚዕን ሚናራ ያወጣው ሰው ይህን ሂሳብ በቁመት አባዝቶ ሠርቶታል። እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ዙር ጥቂት ይቀንሳል፤ የቀነሰው ከአንዱ ወገን በዝቶ ቢሆን ኖሮ ግንቡ አናቱ ላይ ሲደርስ ይጣመም ነበር። በነጩ ላይ የከሰዓቱ ፀሐይ ከጎን ሲያርፍበት ጥላው ከብርሃኑ የሚለይበት መስመር ከታች እስከ ላይ ሳይቆለመም ይወጣል። ኖራ ብዙ ጉድለት ይሸፍናል፤ ጠማማ ግን መሸፈን አይችልም። እንዲያውም ያጋልጣል፤ ነጭ ላይ ጥላ አይዋሽም።

ይህን ሳይ ነበር ኩርፊያዬ የለቀቀኝ።

ሁለተኛው ቀን ኖራውን ራሱን ማየት ጀመርኩ። ትንንሾቹን መስጊዶች ፍለጋ ከመተላለፊያ ወደ መተላለፊያ ስዞር አንድ ያረጀ ግድግዳ ላይ የተነሣ ቅርፊት አገኘሁ፤ የሚወድቅ ስለነበር በጥፍሬ ጫፍ ብቻ ነካሁት። ጠርዙ ላይ ንብርብሮቹ ይታያሉ፤ ነጭ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ የሚወስደው ነጭ፣ ከዚያ ቀጭን ሰማያዊ መስመር፣ እንደገና ነጭ። እስከ ዐሥራ ዘጠኝ ቆጥሬ ተሳሳትኩና ተውኩት። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ያወጣው ግድግዳ አይደለም ማለት ነው። በየጊዜው የሚጨመርበት፣ ሁልጊዜም ያላለቀ ሥራ ነው። የእኛ ግንበኛ ሥራውን ጨርሶ እጁን ታጥቦ ይሄዳል። የሐረሩ ግድግዳ እጅ የታጠበለት ቀን የለም። የማዕዘኖቹ መለስለስም ከዚሁ የመጣ ነው፤ እያንዳንዱ ቅብ ጠርዙን ጥቂት ያደነዝዘዋል፣ የመቶ ዓመት ቅብ ደግሞ ያከበዋል።

ለምን እነሱ ኖራ፣ እኛ ድንጋይ? መልሱ ከጠባይ ይልቅ ከመሬት ነው የሚገኘው። መንዝ የቆመው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ሲመቱት እንደ ደወል የሚጮህ። ያንን ድንጋይ ቢያቃጥሉት ኖራ አይወጣውም። በሐረርና በድሬዳዋ አካባቢ ግን የኖራ ድንጋይ ሞልቷል። የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ገደማ ሲቃጠል በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀዋል፤ ቀላልና የሚፋጅ ነገር ሆኖ ይቀራል። ውኃ ሲፈስበት ይንተከተካል፣ እንፋሎት ያወጣል፣ ከዚያ እንደ እርጎ ይረጋል። ግድግዳ ላይ ሲቀባ ደግሞ ከአየሩ ውስጥ ያንኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ እያለ መልሶ ይወስዳል። ወስዶም ድንጋይ ይሆናል። ሐረሬው ቀለም ቀባሁ ሲል፣ በእጁ የያዘው ተቃጥሎ፣ ሟሙቶ፣ በስሱ ተዘርግቶ ተመልሶ ድንጋይ የሚሆን ድንጋይ ነው። አባቴ ይህን ቢሰማ ደስ የሚለው ይመስለኛል። ጎኑን ለወንድሙ የሚሰጥ ድንጋይ ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ ይኼኛው መላ አካሉን ይሰጣል።

ኖራ ሌላም ጥቅም አለው። ግድግዳው ከውስጥ የያዘውን እርጥበት ያስተነፍሳል። የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ሁልጊዜ ጥቂት ውኃ አለው፤ ከመሬት ይስባል፣ ከዝናብ ይጠጣል። በላዩ ሲሚንቶ የተለሰነበት እንደሆነ ውኃው መውጫ ያጣል፤ ከውስጥ ጭቃውን ያበሰብስና አንድ ቀን ልስኑን ከነድንጋዩ ገፍቶ ይጥለዋል። እንዲህ ያለ ግድግዳ በጀጎል ውስጥ አንድ ሁለት ቦታ አይቻለሁ፤ ግራጫው ሲሚንቶ እንደ አበጠ ቆዳ ተነፍቶ፣ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ። ከጎኑ ያለው የኖራ ግድግዳ ሳስቶ፣ ተቦርቡሮ፣ ግን ቆሟል። በእኛም አገር እንዲሁ ነው፤ ከጓሳ፣ ከመንዝ የወል ሜዳ፣ የታጨደውን የሣር ክዳን አውርዶ ቆርቆሮ፣ ጭቃውን ጠርጎ ሲሚንቶ ያደረገ ቤት በክረምት ሲያልበው ያየ ሰው ያውቀዋል። ሣሩን የሚያሳጭደው ሥርዓት የጓሳን ግጦሽ ለዓመታት ዘግቶ በጊዜው ይከፍት ነበር፤ የኖራውንም ሥርዓት ልማድ ነው የሚያዝዘው። ቆርቆሮና ሲሚንቶ ግን የሚያዝዛቸው ብር ብቻ ነው።

ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 አዋቾች፣ ማለትም የወልዮች መካኖች፣ ቆጥሯል፤ ከመስጊዶቹ ሦስቱ ወደ 10ኛው ክፍለ ዘመን የሚደርሱ ናቸው ይላል። ቅጥሩ የከበበው መሬት 48 ሄክታር ገደማ ነው። ቢያካፍሉት ለአንድ መስጊድ ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ያነሰ ቦታ ይደርሰዋል። ቁጥሩ ሲነበብ ከተማው በሚናራ የተሞላ ይመስላል፤ እግር ሲሄድበት ግን ብዙዎቹን ሳያውቁ ያልፏቸዋል። አንዳንዶቹ ከአንድ ሳሎን አይበልጡም። ዝቅ ያለ በር፣ ትንሽ ግቢ፣ የውዱእ ውኃ፣ አንድ ዛፍ። በአንዱ ደጃፍ አራት ጥንድ ነጠላ ጫማ ተደርድረው ባላይ ኖሮ የሰው ቤት ነው ብዬ አልፌው ነበር። ጫማዎቹ አፍንጫቸውን ወደ መንገዱ አዙረው፣ ባለቤቶቻቸው ሲወጡ ሳይጎነበሱ እንዲያጠልቋቸው ተደርገው ተቀምጠዋል። እኔም ዞር አልኩ፤ የሰገደ ሰው ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው የእንግዳ ዓይን መሆን የለበትም።

በጀጎል ውስጥ ባለው አደባባይ፣ ፈረስ መጋላ ላይ ሳለሁ መድኃኔዓለምን ተሳለምኩ። ቤተ ክርስቲያኑ የቆመው እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1885 ሐረርን ይዘው የነበሩት ግብፆች ባሠሩት መስጊድ ቦታ ላይ ነው፤ ያሳነጹት ከሸዋ የመጡት የእኛው ሰዎች ናቸው። ሦስት ጊዜ አማትቤ ስጨርስ የቆምኩበትን መሬት አየሁ። ከዚያ ወደ ጃሚዕ ስመለስ በሽማግሌው ከዘራ ከተሰመረችው መስመር፣ ከበፊቱ ትንሽ ወደ ኋላ ብዬ ቆምኩ።

ከግድግዳ ውጭ ለአንድ ነገር ብቻ ቦታ ልስጥ፤ እሱም ቢሆን የግንብ ዘመድ ነው። ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ውስጥ ባለው የሸሪፍ ሙዚየም የሐረር የእጅ ጽሑፎችና ጥራዞቻቸው አሉ። ያ ሁሉን የናቀው በርተን እንኳ ለሐረር የመጽሐፍ ጥራዝ ባርኔጣውን አንሥቷል፤ ከፋርስ በቀር በምሥራቁ ዓለም የሚበልጣቸው የለም እስከ ማለት ደርሷል። እኛ ዘንድ መጽሐፍ ሲደጎስ ገበታው እንጨት ነው፤ ቆዳው በእንጨቱ ላይ ተወጥሮ በጋለ ብረት መስቀልና ሐረግ ይታተምበታል፣ ከዚያ ማኅደሩ ውስጥ ገብቶ ከግድግዳ ይንጠለጠላል። የሐረሩ ገበታ ወረቀት በወረቀት ላይ ተጣብቆ የጠነከረ ነው፤ ከኋላው ክዳን ጫፍ ደግሞ የቆዳ ምላስ ወጥታ፣ የገጾቹን ጠርዝ አቅፋ፣ ከፊተኛው ክዳን ሥር ትገባለች። ማኅደር አያስፈልገውም፤ መጽሐፉ ራሱን ይዘጋል። ምላሷ የምትታጠፍበትን መስመር አየሁት። ብዙ መቶ ጊዜ ተከፍታና ተዘግታ ቆዳዋ አልተሰነጠቀም፤ ቆዳውን ያሳሳው ሰው ማጠፊያው ላይ ብቻ፣ ከሌላው ይልቅ ጥቂት አሳስቶታል። ይህ ልክ በጣት እንጂ በመለኪያ አይገኝም። መስታወቱን ሳልነካው አፍንጫዬን አስጠግቼ ብዙ ደቂቃ ቆየሁ፤ ጠባቂዋ መጥታ «ደኅና ነህ?» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ልሰናበት ወደ ጃሚዕ ስሄድ ሽማግሌው በዚያው ጥላ ሥር ነበሩ።

«ጨረስክ?» አሉኝ።

«ግድግዳ አያልቅም፣ አባባ።»

ሳቁ። ረመዳን ሲቃረብ ኖራው እንደሚታደስ፣ እሳቸውም በልጅነታቸው ባልዲ ይሸከሙ እንደነበር ነገሩኝ። ክንዳቸው ላይ አንድ ነጭ ጠባሳ አሳዩኝ፤ ገና ያልበረደ ኖራ የነካቸው ነው። ከዚያ እንደ ባለሙያ ለባለሙያ ጠየቁኝ። «የእናንተ ግንብ ኖራ የለውም አልክ። ታዲያ በምን ይቆማል?»

በቃል ማስረዳት ጀመርኩና አልሆነልኝም። ከግቢው ጥግ፣ ከመስመሯ ወዲህ፣ የተጣሉ ትንንሽ ድንጋዮች ነበሩ፤ ፈቃድ ጠይቄ አምስት ስድስት ሰበሰብኩና መሬት ላይ ተንበርክኬ በስንዝር ቁመት ካብ ማውጣት ያዝኩ። አንዷን ወደ ቀኝ፣ አንዷን ወደ ግራ። ፊቷን ወደ እሳቸው፣ ጀርባዋን ወደ እኔ። ሦስተኛው ዙር ላይ አንዷ ድንጋይ ተንገዳገደችብኝ፤ በሁለቱ መካከል ክፍተት ቀርቶ ነበር። ሽብልቅ የምትሆን ነገር ፍለጋ ዙሪያዬን ስዳስስ ሽማግሌው ከዘራቸውን ወደ ጎን አስደግፈው ቀስ ብለው ጎንበስ አሉ። ከእግራቸው ሥር አንዲት ጠጠር አነሡ። በጣታቸው መሐል ሁለት ጊዜ አገላበጧትና መዳፌን ሳይጠብቁ ራሳቸው ክፍተቷ ውስጥ አስገቧት።

ገጠመች። ዝም አልኩ።